ስድስት ኪሎ አልተቀበለኝም

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ስለ ዩኒቨርሲቲ። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ብዙ ቦታ ስለወሰደብኝ የሌሎቹ ባለቤቶች እንዳይቀየሙኝ።

ጥያቄ

ቲቸር፣ እንደምን አሉ? ዓምድዎን የምታነበው እናቴ ናት። እኔ ግን የጻፍኩልዎት ሳልነግራት ነው።

ቤታችን ከጃንሜዳ በታች ነው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት ቤት የምሄደው በስድስት ኪሎ ግቢ በር በኩል ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ጥቁር አንበሳ ተምሬ ሐኪም መሆን ነው የምፈልገው። ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም። ብሔራዊ ፈተናው ላይ ከ600 431 አመጣሁ። ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ከዚያ የዩኒቨርሲቲውን መግቢያ ፈተና ተፈተንኩ፤ አልተቀበሉኝም። አብራኝ ያጠናችው ጓደኛዬ ገባች። እኔን ትምህርት ሚኒስቴር ጅማ መደበኝ። በቴሌግራም ቦቱ ሳየው ስልኩን ወረወርኩት።

እናቴ ለዕድርተኛው ሁሉ «ልጄ ስድስት ኪሎ ልትገባ ነው» ብላ ነበር። አሁን «ጅማ አትሄጂም፣ እዚሁ በግል ትማሪያለሽ» ትላለች። አሜሪካ ያለችው አክስቴ እከፍላለሁ ብላለች። አባቴ «መንግሥት የሰጠሽን ይዘሽ ሂጂ» ይላል። እኔ ደግሞ አንድ ዓመት ቤት ቁጭ ብዬ እንደገና ብሞክር ይሻለኛል። በዚያ በር ላለማለፍ በምኒልክ ሆስፒታል በኩል ዞሬ ነው የምሄደው። ምዝገባው ደርሷል። ምን ላድርግ?

የጃንሜዳዋ

መልስ

የጃንሜዳዋ ልጄ፣ ስልኩ ተሰበረ ወይስ ተረፈ? ይህን ሳትነግሪኝ ነው ደብዳቤውን የጨረስሽው። ለማንኛውም ሰፈርሽንና ውጤትሽን ትንሽ ቀየር አድርጌዋለሁ፤ እናትሽ ታነባለች ብለሽኛልና።

መጀመሪያ ስለ ኀዘኑ። «ሁሉም ለበጎ ነው» የሚልሽ ሰው ሞልቷል። እኔ አልልሽም። ለበጎ መሆኑን በምን ዐውቄ? የፈለግሽው ነገር ቀርቶብሻል፤ ያስለቅሳል፤ አልቅሺ። «አንቺስ አልፈሻል፣ የወደቀውን አታይም ወይ?» የሚሉሽም አሉ። ቁጥሩ እውነት ነው። በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 5.4 በመቶ። ያንቺ ውጤት ከ70 በመቶ በላይ ነው፤ ቀላል አይደለም። ቢሆንም የሌላ ሰው መውደቅ ላንቺ ማስታገሻ አይሆንም። ይህን የሚሉሽ ሰዎች ክፋት የላቸውም፤ የሚሉት ጠፍቷቸው ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው የምታለቅሺው ለሦስት ነገር እንደሆነ ገባኝ። ለሙያው ታለቅሻለሽ። ለቦታው ታለቅሻለሽ፤ ለግቢው፣ ለቤትሽ፣ ለጓደኛሽ። ዕድርተኛው ፊት ለተነገረው ስምም ታለቅሻለሽ። ሁሉም አንድ ላይ ሲሆን የትኛው እንደቀረብሽ ይጠፋሻል።

ሙያው አልቀረብሽም። ይህን ብዙ ወላጆች ስለማያውቁት ረጋ ብዬ ልንገርሽ። ዛሬ ባለው አሠራር ከ12ኛ ክፍል የወጣ ልጅ መጀመሪያ ፍሬሽማን ነው የሚሆነው። አዲስ አበባ የገባችው ጓደኛሽም ብትሆን ገና የሕክምና ተማሪ አይደለችም። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ትወስዳለች። አንቺም ጅማ ሄደሽ እነዚህኑ ነው የምትወስጂው። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ በአብዛኛው በግሬድ ተወዳድሮ። እንግዲህ ሕክምና የሚያመልጥሽ ጅማ ስለሄድሽ ሳይሆን ጅማ አኩርፈሽ ስለሄድሽ ሊሆን ይችላል።

ማኩረፍ ስል የማውቀውን ነው የምናገረው። ያስተማርኳቸው ልጆች መጥተው ይነግሩኛል። ሻንጣውን ሳይፈታ ሴሚስተሩን የሚያገባድድ አለ። «እዚህ ምን አለኝ» እያለ ከክፍል የሚቀር አለ። በየምክንያቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ የሚመጣ አለ። ሎጂክን «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራልኛል» ብሎ ንቆ፣ ኋላ ሕክምና በጥቂት ነጥብ የሚያመልጠው አለ። ልቡ ሌላ ግቢ ስለነበረ ነው። አንቺ በዚያ በር ላለማለፍ በምኒልክ በኩል የምትዞሪ ልጅ ስለሆንሽ እፈራልሻለሁ።

ስለ ጅማም ትንሽ ልበል፤ እንደ ቅጣት ነውና የጻፍሽው። የጤና ትምህርት ከጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። የራሱ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። የሚታወቀው ደግሞ ተማሪውን ወደ ኅብረተሰቡ በመላክ ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ቀበሌ ይገባሉ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ውኃው ከየት ይቀዳል፣ መጸዳጃው የት ነው፣ ልጆቹ ተከትበዋል ወይ ብለው ያጠናሉ። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ፤ ይሄ ነገር ያስቀናኛል። ስትመረቂም ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ የመንግሥትም የግልም ተመራቂ ይፈተናል። ሐኪም ከሆንሽ የሙያ ፈቃድ ፈተናም ይጠብቅሻል። ሁለቱም የየት ግቢ ልጅ እንደሆንሽ አይለዩም። ታካሚም ቢሆን «የት ነው የተማርሽው?» አይልሽም። «መቼ ነው የሚሻለኝ?» ነው የሚልሽ።

የታላላቅ ሰዎችን ስም እየጠሩ ማጽናናት አልወድም። «እገሌም ወድቆ ነበር» የሚለው ወሬ አሰልችቶኛል። አንድ ሰው ብቻ ልጥራ፣ ጅማን ስለናቅሽብኝ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የተማሩት ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ ዓለማያ። ድርቅንና አቀንጭራ የሚባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠሩት ምርምር በአውሮፓውያን 2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። በቃ፣ አልመለስበትም።

ቦታው ግን በእርግጥ ቀርቶብሻል። እሱን አልክድሽም። ለስድስት ኪሎ ልጅ ያ ግቢ ሌላ ነገር ነው። ድሮ ቤተ መንግሥት ነበረ፤ ገነተ ልዑል። ከፊቱ የሰማዕታት ሐውልቱ፣ ወረድ ሲል አንበሳ ግቢ፣ በመንገዱ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤቱና መጽሐፍ አዟሪው። በልጅነትሽ በበሩ ስታልፊ ተማሪዎቹ ደብተር ይዘው ሲገቡ አይተሽ «እኔም» ብለሻል። ያ «እኔም» ነው አሁን የሚያምሽ። ጅማ ጥሩ ነው ብዬ ይህን ላጠፋልሽ አልችልም።

እኔ ራሴ የልደታ ልጅ ነኝ። ሐኪም እሆናለሁ ብዬ ዓለማያ ደረሰኝ፤ የዛሬው ሐረማያ፤ ያውም እርሻ። ከአዲስ አበባ ወጥቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ማታ ጅብ ሲጮህ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አልቅሻለሁ። በኋላ ወደድኩት። ባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ቁጭቱ ጨርሶ ለቀቀሽ ወይ ብትዪኝ፣ አልለቀቀኝም። ጥቁር አንበሳ ሰው ልጠይቅ ሄጄ ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች ደረጃውን ሲሮጡበት ሳይ ዛሬም ቆንጠጥ ያደርገኛል። ቆንጠጥ አድርጎኝ ደግሞ ያልፋል፤ የታመመውን ጠይቄ፣ ማኪያቶዬን ጠጥቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ስሙስ? እሱ ያንቺ ዕዳ አይደለም። ለዕድርተኛው የተናገረችው እናትሽ ናት፤ የምታስተካክለውም እሷ ናት። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት።» ማብራሪያ አይጨመርበት፤ «ትንሽ ነጥብ ጎድሏት»፣ «ፈተናው ተጭበርብሮ» የሚል ነገር አይከተል። ማብራሪያ ሲበዛ ነው ሰው ጥያቄ የሚያበዛው። የዕድር ሴቶች ደግሞ በሚቀጥለው ወር የሚያወሩት ሌላ ነገር አያጡም፤ እመኚኝ፣ እኔም ዕድርተኛ ነኝ።

ወደ ምርጫዎችሽ። አንድ ዓመት ቤት መቀመጡን አልወደድኩልሽም። የብሔራዊ ፈተና ችግር የለብሽም፤ ያልሆነልሽ የዩኒቨርሲቲው የራሱ ፈተና ነው። ስለዚህ ቤት ቁጭ ከማለትሽ በፊት ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። በሚቀጥለው ዓመት ያንን ፈተና መውሰድ ትችያለሽ? የዘንድሮ ውጤትሽ ያኔ ያገለግላል? ጅማ ሳትመዘገቢ ብትቀሪ ምደባሽ ምን ይሆናል? አሠራሩ በየዓመቱ ይለዋወጣል። መልሱን ከሚመለከተው ቢሮ በጽሑፍ፣ ወይም ከወጣ ማስታወቂያ ካላገኘሽ በቀር «ይቻላል አሉ» በሚል ወሬ ዓመትሽን አታስይዢ። ሌላው ነገር ደግሞ ዓመት ሙሉ ቤት መቀመጥን አታውቂውም። ጓደኞችሽ በሙሉ ሲሄዱ፣ ቡና ሲፈላ አንቺ ብቻ ቄጤማውን ስትጎዘጉዢ፣ እንግዳው ሁሉ «አንቺስ ምን ላይ ደረስሽ?» ሲልሽ አስቢው።

የግሉን በተመለከተ አክስትሽን እግዜር ይስጥልኝ። ይሁንና ሕክምና የአንድ ዓመት ክፍያ አይደለም። አክስትሽ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሥራ ብትለቅስ? እሷን በዚህ ልክ መያዝ ለእሷም ከባድ ነው። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን የወጪ መጋራት ውል ትፈርሚያለሽ፤ የምትከፍይው ሥራ ይዘሽ ነው። ከሁሉ በኋላ የግሉን ካላችሁ ደግሞ፣ ኮሌጁ ዕውቅና ያለው መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። የኮሌጁን ስም ብቻ አትጠይቁ። ዕውቅና የሚሰጠው ለየትምህርት መስኩና ለየካምፓሱ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ አለው ማለት ሌላው አለው ማለት አይደለም።

ምደባ ማስለወጥ ይቻላል ወይ የሚሉኝም ስላሉ፦ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ አጭር ነው፤ የሚያዳምጡትም እንደ ከባድ ሕመም ያለ በሕክምና ማስረጃ የተደገፈ ምክንያት ሲኖር ነው። ስድስት ኪሎ ናፍቆኛል አይሠራም። ጤነኛ ልጅን የታመመች አስመስሎ ወረቀት ማጻፍም አለ፤ እሱን እንዳልሰማሁ እለፉት።

የእናትሽ ፍርሃት ግን ሁሉም ስለ ስም አይመስለኝም። የአገሩን ሁኔታ እያየች፣ ልጇ ራቅ ስትልባት ልቧ ይሸበራል። በዚህ አትጣዪአት። ጅማ አሁን እየተማረ ያለ የሰፈራችሁን ልጅ ፈልጊና ስልክ አስደውይላት። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዶርሙ፣ ስለ ካፌው ራሷ ትጠይቀው። ሴት ልጅ ብታገኚ ይበልጥ ጥሩ ነው። አንቺ ከምትምዪው አሥር መሐላ ይሻላታል።

ስትሄጂ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9 እስከ 12 ያለው ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ 3 በ4 ጉርድ ፎቶ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ ይጠይቁሻል። በማስታወቂያው የማይጻፈውን እኔ ልጨምርልሽ፦ ጠንካራ ቁልፍ፣ ባልዲ፣ ቆሎና በሶ፣ ደህና ጃንጥላ። የጅማ ዝናብ ቀልድ አያውቅም።

ከመሄድሽ በፊት ደግሞ በዚያ በር በኩል እለፊ። ታክሲ ለመያዝ እስከ ምኒልክ ድረስ መዞር ጫማ ይጨርሳል።

ጥያቄ

ለመምህርት፦ ካዛንቺስ አካባቢ የምሠራ አባት ነኝ። ወንዱ ልጄ 50 በመቶ አላመጣም፤ ሪሚዲያል ደርሶታል። ለእኔ ይህ መውደቅ ነው። በእኛ ጊዜ ማትሪክ የወደቀ ሰው ወድቋል፤ ስም አይለወጥለትም ነበር። እሱም ያፍራል መሰለኝ ከክፍሉ አይወጣም፤ ሌሊቱን ስልክ ላይ ነው። ብመክረው አይሰማም። የእህቴ ልጅ ከእሱ ጋር ተፈትኖ አዳማ ገብቷል፤ ምሳሌ እንዲሆነው ሁልጊዜ እነግረዋለሁ።

መልስ

አባቱ፣ መጀመሪያ የእህትዎን ልጅ ከምሳ ገበታው ላይ ያንሱልኝ። ምሳሌ አልሆነለትም፤ በር ሆኖበታል፤ በላዩ ዘግቶበታል።

ሪሚዲያል የመጣው ከ2014ቱ ውጤት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያለፈው ልጅ በጣም ጥቂት ስለነበረ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው ገብተው እንዲማሩና እንዲፈተኑ ተባለ። ሲጀመር ከመቶው 70ው ከማዕከል የሚመጣ ፈተና፣ 30ው በግቢው የሚሰጥ ነበር፤ ግማሹን ያመጣ ፍሬሽማን ይሆናል። ማትሪክ እርስዎና እኔ እንዳየነው አንዴ ዘግቶ የሚሄድ በር ነበር። ይሄ ሁለተኛ ዕድል ነው፤ ግን አጭር ነው፤ ወራት ብቻ ነው ያሉት። ልጁ ተደብሮ ከሄደ ሳይነቃ ያልቃል።

ስለዚህ ምክሩን ይተዉና አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ነጥቡ የጎደለው የቱ ላይ ነው? ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ትምህርት ነው። እንግሊዝኛ ወይም ሒሳብ ከሆነ ከመሄዱ በፊት በእነዚህ ቀናት መጀመር ይቻላል። ስልኩን አይቀሙት። ማታ ማታ ግን አብራችሁ ወጣ በሉ፤ መንገዱም ሰፍቷል፣ መብራቱም አምሯል፣ የሚራመድበት አለ። ስለ ፈተና ሳያነሱ ይሂዱ። ለአንድ አባት ከባድ እንደሆነ ዐውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን በጥሞና ያዳምጡኝ። ከክፍል አለመውጣቱ ከሰነበተ፣ መብላት ከተወ፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ በቀልድም ቢሆን፣ ብቻውን አይተዉትና ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ስሙን ሲሰሙ አይደንግጡ፤ ወደዚያ የሚሄደው ሰው ሁሉ ሰፈርተኛው እንደሚያስበው አይደለም። ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ሀፍረትዎን ለጊዜው ኪስዎ ውስጥ ያድርጉት።

ጥያቄ

ቲቸር እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ የልብ ጓደኛዬ ግን ባሕር ዳር ተመደበች። ከኔ ጎበዝ ነበረች፤ በተለይ ነገር ማሰላሰል፣ መከራከር ላይ አልደርስባትም። ስደውልላት አጭር አጭር ትመልሳለች። ደስታዬን መደበቅ አለብኝ? ምን ልበላት?

ከአራት ኪሎ

መልስ

አትደብቂ፤ ግን አደባባይም አታውጪው። የመታወቂያሽን ፎቶ ቲክቶክ ላይ ለመልቀቅ ትንሽ ብትታገሺ ምን ይጎልብሻል? «እኔም ብቀርና አብረን ብንሄድ» የሚለውን ግን እንዳትዪአት። አታደርጊውም፤ እሷም ታውቃለች።

በስልክ ከምትጠይቂያት ቤቷ ሂጂ። ሻንጣ አብራችሁ አዘጋጁ። ባሕር ዳር ሙቀት ነውና ወፍራም ሹራብ ስታጭቅ ካየሻት አስወጪ። የፍሬሽማኑ ሞጁል የጋራ ነው፤ እሷ ባሕር ዳር የምታነበውን አንቺ እዚህ ታነቢያለሽ። የቴሌግራም ግሩፕ ለሁለታችሁ ክፈቱ፤ ማስታወሻ ተላላኩ። ሎጂክ ገና ሲጀመር ያስቸግርሻል። በክርክር አልደርስባትም ብለሻል፤ እሷን ጠይቂያት።